«አገሩ የት ሄደ?» የራዲዮ መርማሪዎችና የጋይንት አውጫጭኝ

ሰው የጀመረውን ወሬ በመካከል ቢተው ብዙ ጊዜ አይቸግረውም። የገበያ ዋጋም ቢሆን፥ የሹመት ወሬም ቢሆን ዛሬ ቢቋረጥ ነገ ይደረስበታል። ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ወሬ ግን እንዲህ አይደለም። ሟቹን ባናውቀው፥ አገሩንም ባናየው፥ «ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተነሣ መልሱን ሳንሰማ ከመቀመጫችን መነሣት ይከብደናል። ይህንን የሰው ጠባይ ያወቁ የአሜሪካ የራዲዮ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያህል እንጀራቸውን አብስለውበታል። የእኛ አባቶችም ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን እነርሱ መጫወቻ አላደረጉትም፤ የጠፋ ከብትና የፈሰሰ ደም ይፈልጉበት ነበር እንጂ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን እንድናቀርብ ያነሣሣን በነፋስ መውጫ ከተማ የሰማነው አንድ አጭር ጥያቄ ነው።

ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። ስሟም ያለ ነገር አልወጣላትም፤ ወደ ማታ ሲሆን ነፋሱ ጋቢ ይገፍፋል። አንድ ማታ ከአንድ ወዳጃችን ጋር ከዚያ ነፋስ ሸሽተን ጠላ ቤት ገባን። ወዳጃችን የድሮ ነገር መስማት የሚወድ ሰው ስለ ሆነ፥ በስልኩ ላይ ከያዛቸው የአሜሪካ የራዲዮ ድራማዎች አንዱን ከፈተልን። መርማሪው ሳም ስፔድ በዚያ በሚታወቅበት ፈጣንና ፌዘኛ አነጋገሩ ይተርካል፤ በር ይንኳኳል፤ ጫማ በደረጃ ላይ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጥይት ይጮኻል።

ከጎናችን ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ሰጡ።

«ልጄ፥ ይኸ ሰው ምን ይላል? ነገር ያለበት ሰው ይመስላል» አሉን።

«መርማሪ ነው አባቴ፤ አንድ ሰው ተገድሏል፤ ገዳዩን ይፈልጋል» አልናቸው።

«ብቻውን?»

«አዎን፥ ብቻውን ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፥ «ጎረቤት የለም? ጭቃ ሹም የለም? አገሩ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁን።

ለጊዜው መልስ አልነበረንም። በኋላ ግን ጥያቄው እየከበደ መጣ። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ይህ ብቻውን የሚሄደው መርማሪ ማን እንደ ሆነ፥ ከየትም እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1930 በአሜሪካ ራዲዮ ሁለት ታላላቅ ድምፆች ተሰሙ። አንደኛው «ጥላው» የተባለው ሲሆን፥ መጀመሪያ የሌሎችን የወንጀል ታሪክ የሚያስተዋውቅ ምሥጢራዊ ድምፅ ብቻ ነበር። በ1937 ራሱ ባለ ታሪክ ሆኖ ሲመጣ፥ ያን ጊዜ ገና የ22 ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ ተጫወተው። ሁለተኛው በመጻሕፍት የታወቀው እንግሊዛዊው ሼርሎክ ሆምስ ነው። ሼርሎክ ሆምስ ፒፓውን እያጨሰ፥ ከጫማ ጭቃና ከሲጋራ አመድ ተነሥቶ እውነቱን የሚያወጣ ጨዋ ሰው ነው። ለእርሱ ወንጀል እንደ ሒሳብ ነው፤ አእምሮ ያለው ይፈታዋል።

ከዚህ የተለየ መርማሪ የመጣው ግን ከአሜሪካ ከተሞች ጎዳና ነው። ዳሺል ሃሜት የተባለው ደራሲ በወጣትነቱ ፒንከርተን በተባለው የግል የምርመራ ድርጅት ተቀጥሮ ሰው ሲከታተልና የጠፋ ሲፈልግ የኖረ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሥራውን ሲተው ያየውን ወደ ድርሰት መለሰው። «ብላክ ማስክ» በተባለው ርካሽ መጽሔት ላይ ታሪኮቹን አወጣ፤ በ1930 በመጽሐፍ በታተመው «የማልታው ጭልፊት» ውስጥም ሳም ስፔድን ለዓለም አስተዋወቀ። ሬይመንድ ቻንድለር ተከተለውና ፊሊፕ ማርሎ የተባለውን መርማሪ ፈጠረ። የእነዚህን መርማሪዎች ጠባይ ፈረንጆቹ ብዙ ተቀቅሎ አስኳሉ በደረቀ እንቁላል ይመስሉታል። ዓለም አፍልታ አፍልታ ያደረቀቻቸው ሰዎች ናቸው። አያለቅሱም፤ ሰው አያምኑም፤ ሲደበደቡም ይቀልዳሉ፤ የያዙትን ነገር ግን አይለቁም።

እነዚህ ሰዎች ወደ ራዲዮ ሲገቡ እንደ ተፈጠሩለት ሆኑ። ሳም ስፔድ በ1946 ሃዋርድ ደፍ በተባለው ተዋናይ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ታሪኩንም ሁሉ ለጸሐፊው ለኤፊ ሪፖርት እያስጻፈ ያወራል። ፊሊፕ ማርሎ በ1947 ተከተለ። በ1949 የመጣው ጆኒ ዶላር ደግሞ የመድን ድርጅቶች መርማሪ ስለ ሆነ ታሪኩን የሚናገረው ለአሠሪዎቹ በሚያቀርበው የወጪ ሒሳብ መልክ ነው። ለታክሲ ይህን ያህል፥ ለሆቴል ይህን ያህል እያለ ይቀጥላል፤ በሒሳቡም መካከል ሬሳ ይገኛል። በዚያው በ1949 ጃክ ዌብ የጀመረው «ድራግኔት» የሎስ አንጀለስን ፖሊስ መዝገብ መሠረት አድርጎ፥ ፎከራ በሌለው ቀዝቃዛ አነጋገር የፖሊሶችን የዕለት ሥራ አሰማ። ይህ ድራማ በመግቢያው ታሪኩ እውነተኛ እንደ ሆነ፥ ስሞቹ ግን ንጹሓንን ለመጠበቅ ሲባል እንደ ተለወጡ ለሰሚው ይናገር ነበር። አንባቢ ይህችን ነገር እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በድምፅ ብቻ ነበር። በስቱዲዮው ውስጥ ከተዋንያኑ አጠገብ የድምፅ ሠራተኛ ይቆማል። ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ሲያጋጭ ፈረስ ይጋልባል፤ ሴሎፎን የተባለውን የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ሲጨብጥ እሳት ይነዳል፤ በከረጢት የታሰረ የበቆሎ ስታርች ሲጨምቅ ሰው በበረዶ ላይ ይራመዳል። የቀረውን ሰሚው በራሱ ልብ ይሥለዋል። ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ሲገባ ግን ጆሮ ለዓይን ቦታውን ለቀቀ። በመስከረም 30 ቀን 1962 በፈረንጆች አቆጣጠር የጆኒ ዶላር የመጨረሻው ዝግጅት ተላለፈ፤ ብዙዎችም የአሜሪካ የራዲዮ ድራማ ወርቃማ ዘመን ያን ቀን እንዳበቃ ይቆጥሩታል።

እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሳም ስፔድ የሚኖረው ሳን ፍራንሲስኮ፥ ፊሊፕ ማርሎም ሎስ አንጀለስ ነው። እነዚህ በአጭር ዘመን ከየቦታው በመጣ ሰው የሞሉ ከተሞች ናቸው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም። በደራሲዎቹ ታሪክ ውስጥ ፖሊሱ ጉቦ ይበላል፤ ባለጸጋው ዳኛውን ይገዛል። እንዲህ ባለ ቦታ እውነትን የሚያውቅ «አገር» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ሰው በቀን ክፍያ ተቀጥሮ፥ ባርኔጣውን ደፍቶ፥ በሌሊት በር እያንኳኳ እየዞረ የሁሉን ቁራጭ እውነት ለብቻው ይለቅማል። መርማሪው ብቻውን የሆነው ጀግና ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ስለ ሌለ ነው።

ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ከጉና ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ገደል ድረስ በሚዘረጋው በዚህ አገር የማንን በሬ የማን ልጅ እንደሚጠብቀው፥ ማን ከማን ጋር በድንበር እንደ ተጣላ፥ ማንስ ማታ ከቤቱ እንደ ወጣ የማያውቅ የለም። «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለው ተረት እዚህ ተረት ብቻ አይደለም።

ይህ አገር ደግሞ የጆሮ አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም እንዲሁ በጋይንት ነው። የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ በእነዚህ ቦታዎች ዓመታት የሚቀመጠው ዜማውን ከመምህሩ አፍ በጆሮው ለመቀበል ነው። ምልክቱ በብራና ላይ ቢኖርም፥ ምልክቱን የሚያስነብበው ጆሮ ነው። ከብዙ ተማሪ መካከል አንዱ ድምፁን ባልተገባ ቦታ ቢጥል መምህሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያውቁታል።

እንዲህ ባለ አገር ራዲዮ ሲገባ እንግዳ ሆኖ አልቆየም። የአገራችን ራዲዮ ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ ታሪክ አለው፤ በ1935 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ የደረሰባትን ለዓለም ያሰማችው በአቃቂው ጣቢያ ነው። ወደ ገጠሩ ግን የደረሰው ቆይቶ፥ በድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ ሲመጣ ነው። በጥልፍ ልብስ ተሸፍኖ በመደብ ላይ ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጎረቤትም ዙሪያውን ከቦ ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ፥ አንድ ሰው በድምፁ ብቻ የሰብለ ወንጌልንም፥ የፊታውራሪ መሸሻንም፥ የጉዱ ካሣንም ልብ ወደየሰዉ ቤት አስገብቷል። ኋላም ከ2002 እስከ 2004 በፈረንጆች አቆጣጠር የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሰሚን ከሳምንት ሳምንት ሲያስጠብቅ ኖሯል። በጽሑፍም በኩል ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን፥ ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪክን ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። ከዚህ የምንረዳው ጆሮውም፥ ድምፁም፥ የታሪኩ ፍቅርም እንዳለን ነው።

ሆኖም የአባቶቻችን የወንጀል ድራማ ከራዲዮ በፊት ነበረ። በዛፍ ጥላ ሥር በተሰየመው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን እያጣፉ፥ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ ይከራከሩ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ አንዱ ሌላውን በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ በእውነቱ የሚተማመን መሆኑን ለማሳየትም ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል። መንገደኛው ዕቃውን አስቀምጦ ይሰማል፤ እረኛው ከብቱን ትቶ ይመጣል። ተጠየቅ የሚባለው ይህ ሙግት ሕግም፥ የአንደበት ጥበብም፥ የሕዝብ ትያትርም ነበር። ሳም ስፔድ ተጠርጣሪውን በፈጣን ቃል ሲያስጨንቀው የሚሰማው ደስታ በጋይንት ችሎት ለተቀመጠ ሰው አዲስ አይሆንበትም ነበር።

ተጠየቅ ግን ተከሳሹ ለታወቀ ነገር ነው። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ሌላ መንገድ ነበር፤ ይኸውም አውጫጭኝ ነው። በሌላ አገር አፈርሳታ ይሉታል። በዚያ ማታ ሽማግሌውን፥ «አንቱስ አባቴ፥ በወጣትነትዎ ሌባ ሲጠፋ እንዴት ይገኝ ነበር?» ብለን ስንጠይቃቸው ያስረዱን እንደሚከተለው ነው።

ከብት የጠፋበት ወይም ሰው የሞተበት ለዳኛ ይጮኻል። አዋጅ ይነገርና የዚያ አገር አባወራ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ሰዉ ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እርሻ ቢፈታም፥ ዝናብ ቢመታውም እዚያው ይቆያል። ከመካከላቸው የታመኑ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ይምላሉ፤ እያንዳንዱም ወደ እነርሱ እየቀረበ ያየውንና የሰማውን በምሥጢር ይናገራል። የተናገረው ሰው ስም አይወጣም። «ማን ነገራችሁ?» ቢባሉ መልሳቸው «ወፍ ነገረችን» ነው። ወፍ የተባለችው እንግዲህ ስሙ የማይጠራው ምስክር ናት። በቀል እንዳያገኘው፥ ደም እንዳይገባው አገሩ በክንፉ ይሸፍነዋል። ሌባው ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ የጠፋውን ንብረት አገሩ ሁሉ ተዋጥቶ ይከፍላል። ይህም ስለ ሆነ ያወቀ ሰው ዝም ለማለት ይቸግረዋል፤ ዝምታው ከኪሱ ያስወጣዋልና።

ይህንን ሥርዓት በጥሞና ላየው ብልሃት አለው። ፖሊስ ጣቢያ በሌለበት፥ የጣት አሻራ በማይነሣበት ዘመን የነበረው ትልቁ ማስረጃ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። አውጫጭኝ ያንን በየሰዉ ሆድ ተበታትኖ ያለውን እውቀት ወደ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። ሳም ስፔድ በር ለበር እየዞረ የሚለቅመውን፥ ስማዳና እስቴ በአንድ ሜዳ ላይ ያፈስሱታል። ከሌባ ሻይም እጅግ ይሻላል። ሌባ ሻይ የሚባለው ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፥ አጢሶ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ እንደ እብድ እየሮጠ ገብቶ በተኛበት ቤት ባለቤቱን ሌባ የሚያሰኝ ጭካኔ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት መንግሥት ከልክሎታል። አውጫጭኝ ግን ቢያንስ የሰው ቃል ይሰማል።

የነገሩ ክብደት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ወፏ ብትዋሽስ? ወይም ሳትዋሽ ብትሳሳትስ? ይህንን ስንጠይቃቸው ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱልንም። ጠላቸውን ቀመሱ፤ ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ በኋላ፥ «ስሜን አታውጣው እንጂ እነግርሃለሁ» አሉን። ያሉንም ይህ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፥ እርሳቸው ገና ጎረምሳ ሳሉ፥ በስማዳ በኩል በእናታቸው አገር ይኖሩ ነበር። በክረምት መግቢያ የአንድ ገበሬ ጥማድ በሬዎች በሌሊት ጠፉ። አውጫጭኝ ተጠራ። አንድ ቀን ሆነ፤ የሚናገር ጠፋ። ሁለተኛው ቀን በዝናብ አለፈ። የዘር ጊዜ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ እርሻው ታየው፤ ሆዱም ተቆጣ። በሦስተኛው ቀን ወፏ ተናገረች። የተጠራው ስም በቅርብ ከሌላ አገር የመጣ፥ በጥገኝነት የሚያርስ፥ ወገን የሌለው ሰው ስም ነበር። ሰውየው ማለ፤ ተገዘተ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። ያለችውን አንዲት ላም ሸጦ ከዕዳው ጥቂቱን ከፈለና ሚስቱንና ልጁን ይዞ አገሩን ለቀቀ። ወደ ሁመራ ሄደ የሚሉ አሉ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በሌላ ገበያ በሌላ በሬ የተያዘ ሌባ ሲመረመር የእነዚያንም በሬዎች ነገር አወጣ። የወሰዳቸው እርሱ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የጠራው ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

«ልጄ፥ ከወፎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ» አሉን ሽማግሌው። «ውሸት አልተናገርሁም። ያን ማታ ሲመሽ ሰውየውን መንገድ ላይ አየሁት አልሁ። ይኸን ብቻ ነው ያልሁ። የቀረውን አገሩ ሞላው።»

እኛም ምን ማለት እንደሚገባ አላወቅንምና ዝም አልን። እርሳቸው ግን ወደ ስልኩ በአገጫቸው እያመለከቱ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ፦ «ያ ብቻውን የሚፈልገው ሰውዬ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ መልሶ ይጠይቀኝ ነበር። በየት በኩል ሲሄድ አየኸው? ምን ይዞ ነበር? ከብት አስከትሎ ነበር? ይለኝ ነበር። እኔም ባዶ እጁን ነበር እለው ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።»

ከዚህ ቃል የምንማረው እጅግ ብዙ ነው። አውጫጭኝ መስማት ያውቃል፤ የሰማውን መልሶ መጠየቅ ግን ይጎድለዋል። ተጠየቅ መልሶ መጠየቅን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወፍ በችሎት አትቆምምና አትጠየቅም። የምስክሩን ሕይወት የሚያድነው ያው ሽፋን የተከሳሹን ሕይወት ያጠፋል። ደግሞም የሚመታው ብዙ ጊዜ ወገን የሌለውን ሰው ነው፤ የእርሱን ስም የጠራ ማንንም አይፈራምና። በ1949 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ ምስክር በፍርድ ቤት ቀርቦ በተቃራኒው ወገን እንዲጠየቅ የተደረገው እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሙላት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ በመጽሐፍ ሲጻፍ ልማዱ በሜዳው ላይ ወዲያው አይነሣም።

የአሜሪካውም መንገድ ያለ እንከን አይደለም። ያ ብቻውን የሚሄደው መርማሪ ያገኘውን እውነት የሚያስረክበው ለከፈለው ሰው ነው፤ የከፈለው ሰው ራሱ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የደራሲው የዳሺል ሃሜት የራሱ ዕጣ ነው። በ1951 አሜሪካ ኮሙኒስት ናችሁ እያለች ሰዎችዋን በምትመረምርበት ዘመን ሃሜት ለእስረኞች ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ያጠራቀመ ማኅበር ባለ አደራ ነበር። ፍርድ ቤት አቅርቦ ገንዘቡን ያዋጡትን ሰዎች ስም እንዲናገር ጠየቀው። እርሱ ግን አንድም ስም አልጠራም። ችሎት በመድፈር ስድስት ወር ተፈረደበትና ታሰረ። በዚያው ዓመት የሳም ስፔድ ድራማ ከአየር ወረደ። ስም ፈልጎ የሚያወጣ መርማሪ የፈጠረው ሰው፥ በራሱ ጊዜ ስም አላወጣም ብሎ ወህኒ ወረደ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን የአማርኛ ተረት የሚያውቅ ይመስላል።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እናቁማቸው። አንደኛው ጎረምሳ በስማዳ ሜዳ ላይ ዝናብ እየመታው፥ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲቸኩል አንድ ትንሽ እውነት ተናገረና ሰው ጠፋ። ሁለተኛው ደራሲ በኒው ዮርክ ችሎት ፊት ቆሞ ዝም አለና ራሱ ታሰረ። ስም መጥራት ማለት ምን ያህል የከበደ ነገር እንደ ሆነ ሁለቱም አስተምረውናል። የ«ድራግኔት» አዘጋጆችም በመግቢያቸው ንጹሓንን ለመጠበቅ ስም ለውጠናል ያሉት ይህ ቢገባቸው ነው።

ያልታወቀ ወንጀል በአገራችን የራዲዮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ገዳይ ሳይታወቅ ሲቀር ጥርጣሬ በጎረቤት መካከል ይገባል፤ ጥርጣሬው በቀልን ይወልዳል፤ በቀሉም ሌላ ደም ይጠራል። ደሙን ለማድረቅ ሽማግሌዎች በእርቅ መካከል ሲገቡም የመጀመሪያው ጥያቄ ያው «ማን?» የሚለው ነው። በግምት የተመለሰ «ማን?» ደግሞ ካልተመለሰው ይልቅ ይገድላል። እንግዲህ ሰው «ማን ገደለው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ከዚያ ቀጥሎ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅን ካልለመደ ፍርድ አይቆምም። የመርማሪ ድራማ ለሰሚው የሚያስለምደው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰሚው አንዱን ይጠረጥራል፤ ከዚያም ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም ማንም ሳይጎዳ ያየዋል። በሜዳ ላይ ተሳስቶ ሰው ከማሰደድ፥ በራዲዮ አጠገብ ተሳስቶ መሣቅ እንዴት ይሻላል!

ስለዚህ ለራዲዮ ሰዎቻችንና ለደራሲዎቻችን የምናቀርበው ምክር አለን። ሳም ስፔድን ኩታ አልብሶ ማምጣት አያስፈልግም፤ ኩታው አይሆነውም። በእጃችን ያለው ግን ከእርሱ አያንስም። ሦስት ቀን በዝናብ የተቀመጠ ሕዝብ፥ ስሟ የማይታወቅ ወፍ፥ ወገን የሌለው ተከሳሽ፥ ልቡ የከበደው ምስክር፥ በመጨረሻም ከሰዉ መካከል ተነሥቶ «ቆይ፥ ባዶ እጁን ነበር ወይስ ከብት አስከትሎ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ካለ ድራማው ተፈጸመ። ለድምፁም ኮኮናት አያስፈልገንም፤ የነፋስ መውጫ ነፋስ፥ የበሬ ቃጭልና የጅራፍ ጩኸት ይበቃል። ይህንን ለመጻፍ ግን ተጠየቁን በጆሯቸው የሰሙት፥ በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ በእግራቸው የቆሙት አባቶችና እናቶች ሳያልፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ነው። መቅረጫ በየኪሳችን ባለበት በዚህ ዘመን ሳንጠይቃቸው ቢቀሩ ጥፋቱ የእነርሱ አይሆንም።

በዚያ ማታ ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌው፥ «እንግዲያው ያ ፈረንጅ ገዳዩን አገኘው?» ብለው ጠየቁን። ድራማውን ከፍተን ፍጻሜውን አሰማናቸው፤ እየተረጎምንም ነገርናቸው። ገዳዩ ሲታወቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በምን አወቀ?» አሉን።

ስንነግራቸው በጥሞና ሰሙና፥ «መልካም፤ ጠይቋል» ብለው ጋቢያቸውን አጥብቀው ወደ ነፋሱ ወጡ።